አቼቶ፣ ማዳበሪያ እና የደቻቱ ድንጋይ

ድሬ ተወልጄ ድንጋይ በብር ልገዛ ነበር! አዲስ አበባ ዓሣ የገዛሁበት ሱቅ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ መስታወት) ውስጥ የሚደረደረውን ድንጋይ በኪሎ እየመዘነ ነው የሚሸጠው። የኔ አኳሪየም 200 ሊትር ይይዛል። ሲያሰሉልኝ የድንጋዩ ዋጋ ከዓሣዎቹ በለጠ። ዓሣዎቼን ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ አንጠልጥዬ ውልቅ።

ዓሣዎቹ ሲክሊዶች ናቸው፣ የማላዊ ሐይቅ ልጆች። የኛ ቆሮሶም ሲክሊድ ነው፣ ዘመዳሞች ናቸው። እነዚህ ግን ትንንሾች፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ ደግሞ ጠበኞች። ሐይቃቸው ውስጥ የሚኖሩት ድንጋይ መሃል ነው፣ ስለዚህ ድንጋዩ ለጌጥ አይደለም። ወንዱ አንድ ቀዳዳ ይይዝና የመጣውን ሁሉ ሲያባርር ይውላል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለምትቆይ መሸሸጊያ ትፈልጋለች። መሸሸጊያ ከሌለ ደካማው ተነክሶ ተነክሶ ያልቃል።

እና አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትጠነክር፣ ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ደቻቱ ወንዝ ወረድኩ። ከገበያው ራቅ ብዬ ወደ ላይ ነው የሄድኩት፤ ገበያው አጠገብ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ጋራዥ ያለበት አካባቢ ደግሞ ዘይት የጠጣ ድንጋይ አይጠፋም። አሸዋ የሚጭኑ ልጆች አዩኝ። «ወርያ፣ ቤት ልትሠራ ነው?» አለኝ አንዱ። ለዓሣ ነው አልኩት። «አቦ፣ ዓሣ ድንጋይ ይበላል እንዴ?» ሳቁብኝ፣ ግን ማዳበሪያውን ባጃጁ ድረስ የተሸከሙልኝ እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ በክረምት እንዳትሞክሩት። ድሬ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይኸው ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ ነው።

ቤት ስደርስ ድንጋዮቹን ግቢ ውስጥ ዘረገፍኩና የእማዬን አቼቶ አመጣሁ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጠብ አደረግኩ፣ ምንም የለም። ግራጫ ነጩ ላይ ጠብ ሳደርግ ግን ችስስ አለ፣ ጥቃቅን አረፋ ወጣ፣ ጆሮዬን ሳስጠጋው ይሰማል። የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። እማዬ ከኩሽና ወጥታ «አቼቶዬን ድንጋይ ላይ?» አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያረፋ ድንጋይ መጥፎ ነው ብሎ ይጥለዋል። ለስላሳ (ማዕድን ያነሰው) ውሃ ለሚወዱት ለደቡብ አሜሪካ ዓሣዎች፣ እንደ ዲስከስ ላሉት፣ እውነት ነው፤ ኖራው ቀስ እያለ ይሟሟና ውሃውን ያጠነክርባቸዋል። የማላዊዎቹ ግን የሚፈልጉት ጠንካራ ውሃ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.8 እስከ 8.6 የሆነ። የድሬን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያንን ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ውሃ። ዕድሜ ልካችንን ስናማርረው ኖረን ለካ ለነዚህ ዓሣዎች የተመቸ ነው! ስለዚህ ጥቁሩንም ነጩንም አስቀረሁ። የጣልኩት ዝገት የሚመስል ቀይ መስመር ወይም እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ነገር ያለበትን፣ በእጅ ሲፈረፈር የሚለቀውን፣ ጠርዙ የሚቆርጠውን፣ ከፈረሰ ግንብ የመጣውንና ሲሚንቶ የተጣበቀበትን ነው።

አጠባው ቀላል ነው። ብሩሽና ውሃ ብቻ፣ ኦሞ በፍጹም፣ ድንጋይ ሳሙና ከጠጣ በቀላሉ አይለቅም። ከዚያ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበትና ለሳምንት ፀሐይ ላይ ተውኩት። ድስት ውስጥ ከታችሁ እንዳትቀቅሉት፤ ውስጡ ውሃ ያዘለ ድንጋይ እሳት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ደደብነቴ የታየው ሲደረደር ነው። መጀመሪያ አሸዋውን አፈሰስኩ፣ ድንጋዩን ከላይ ከመርኩ፣ አማረልኝ፣ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። እነዚህ ዓሣዎች ግን ቆፋሪዎች ናቸው። በአራተኛው ሌሊት ግው የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በስልኬ መብራት ሳይ ክምሩ ተንዶ አንዱ ድንጋይ መስታወቱን ተደግፏል። ጭረት አለው፣ ስንጥቅ ግን የለም። ተመስገን! ሌሊቱን በሙሉ ቁጭ ብዬ መስታወቱን ሳይ አነጋሁ።

ጠዋት ሁሉንም አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። ታች ስስ ፎም፣ በላዩ ትልልቆቹ ድንጋዮች፣ አሸዋው መጨረሻ ዙሪያቸውን። አሁን ቢቆፍሩም መሠረቱ አይነቃነቅም። አንድ ድንጋይ ካስቀመጥኩ በኋላ በእጄ ወዝወዝ አድርጌ ካልረጋ አወጣዋለሁ። ክብደቱንም አስቡት። 40 ኪሎ ያህል ድንጋይ ነው የገባው፤ 16 ሊትር ገደማ ውሃ ያስወጣል፣ ግን ከውሃው ስለሚከብድ ሸክሙ ይጨምራል። ከሥር ያለው በአንግል ብረት የተበየደ መቆሚያ ባይሆን ኖሮ አልሞክረውም ነበር።

ቢጫው ወንድ በመጀመሪያው ቀን ከነጩ ድንጋይ ሥር ያለውን ቀዳዳ ያዘ። እጄን ባስገባሁ ቁጥር ሊነክሰኝ ይመጣል። የተረፈውን ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ እማዬ ለውሃ በርሜሉ ክዳን መጫኛ ወሰደችው፣ ለአቼቶዋ ካሳ መሆኑ ነው።