11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለሚጠብቃችሁ

ከገጠር መጥቼ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ መሰናዶ ስገባ፣ የመከረኝ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሒሳብና ፊዚክስን ነበር። ስለ እንግሊዝኛ «ሰዋስውህን ያዝ» ከማለት ያለፈ ነገር የነገረኝ የለም። ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ባገኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ለምትገቡ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ምንባቡ ከ10ኛ ክፍሉ ይረዝማል፤ ጥያቄውም በግልጽ ያልተጻፈውን አስባችሁ እንድትደርሱበት ይፈልጋል። ሰዋስው ላይ ኮንዲሽናል፣ ፓሲቭና ሪፖርትድ ስፒች ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ስለምታውቁት አያስፈራም። ማዳመጥ በእኔ ጊዜ በፕላዝማ ነበር፤ የቴሌቪዥኑን መምህር «ይድገሙልን» ማለት አይቻልም፣ ያመለጠ አመለጠ ነው። ንግግር ደግሞ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ተራው የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲደርሳችሁ አትሽሹ።

ዋናው ጉዳይ መጻፍ ነው። መማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ የጽሑፍ መልመጃ አለው። እኛ ክፍል ግን እዚያ ገጽ ላይ ሲደረስ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» ተብሎ ይታለፋል። ሀገር አቀፉ ፈተና ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነው፤ ተማሪው ፊደል ይመርጣል እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። ስለዚህ ገጹ ትርፍ ተደርጎ ተቆጠረ።

አንድ ጊዜ ስለ ቤተሰባችን ድርሰት እንድንጽፍ ታዘዝን። ደብተሮቹ ተሰብስበው ሄዱ፤ ሲመለሱ በእያንዳንዱ ግርጌ ፊርማና ቀን ሰፍሮባቸዋል። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ የመጀመሪያ መስመር «ማይ ፋዘር ኢዝ ፋርመር» ይላል። ከ«ፋርመር» በፊት መግባት የነበረባት «ኤ» የለችም። ቀዩ ፊርማ ከሥሩ ተዘርግቷል፤ ስሕተቱ ግን ማንም ሳይነካው እንደተጻፈ አለ። ልጁ ፊርማውን አይቶ ትክክል ነው ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

መምህሩን አልወቅስም። በየክፍሉ ሰባ ሰባ ተማሪ ይዞ የሁሉንም ድርሰት መስመር በመስመር የሚያርም ሰው የለም። የምወቅሰው የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ነው። ጥቂት ሆነን ወደ ርዕሰ መምህሩ ገባንና በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለጽሑፍ ብቻ እንዲመደብልን፣ ተማሪው በቡድን ተከፋፍሎ እርስ በርሱ እንዲተራረም ጠየቅን። ቀና ብሎም አላየንም። «ፈተናው ድርሰት አይጠይቅም። ጊዜያችሁን ከምታባክኑ ወርክሺት ሥሩ» አለን። ይባስ ብሎ ከእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ አንዱ ተወስዶ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች መሥሪያ ሆነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያናድደኛል። በራሱ ሚዛን ቢታይ እንኳ መልሱ ስሕተት ነበር፤ ፈተናው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል አስተካክላችሁ አንቀጽ እንድታደርጉ ይጠይቃል፣ ሥርዓተ ነጥብም ይጠይቃል። ጽፎ የማያውቅ ተማሪ ይህን በግምት ነው የሚሞላው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ በአንደኛ ዓመት አንቀጽና ድርሰት ጻፍ ይባላል። በእንግሊዝኛ ፈተና ከእኔ የበለጠ ውጤት ያመጡ ልጆች ባዶ ወረቀት ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ሲጨነቁ አይቻለሁ።

መንገዱን ያሳየኝ አጎቴ ነው። ጎጃም ውስጥ ዋሸራ በሚባለው የቅኔ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም። ችግሬን ስነግረው የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን መወድስ የሚባል የቅኔ ዓይነት ቁጠር፣ ማለትም ድረስ፣ እንደማይባል አስረዳኝ። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ነው። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርብና ይናገራል፤ የተበላሸው እዚያው ይቃናለታል፣ ዙሪያውን የተቀመጡትም ከእሱ እርማት ይማራሉ። ሁለት ቤት ሲቀናለት ወደ ሦስት ቤት፣ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። አብረውኝ ከተከራዩት ልጆች ጋር ማታ ማታ ወጡ እስኪበስል እያንዳንዳችን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን፤ ጮክ ብለን እናነባለን፤ ሌሎቹ ያርማሉ። ያልተስማማንበትን በነጋታው በእረፍት ሰዓት ለመምህሩ እናሳያለን። ሙሉ ድርሰት ለማረም ጊዜ ያልነበረው ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይዘን ስንቀርብ አንድም ቀን አልመለሰንም። ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አንቀጽ አደግን። 12ኛ ክፍል ስንደርስ መግቢያና መደምደሚያ ያለው ድርሰት እንጽፍ ነበር። ይህን ያገኘነው በራሳችን ጥረት ነው፤ እኮራበታለሁ።

እናንተም መጽሐፉን በምዕራፍ ቅደም ተከተል ተከተሉ ስትባሉ ክፍል ውስጥ ተከተሉ፤ ቤት ስትገቡ ግን ከጽሑፍ መልመጃው ጀምሩ። ወርክሺት እስከ 12ኛ ክፍል ሁለተኛ ወሰነ ትምህርት ይቆይ። የተዘጋጀ ድርሰት አትሸምድዱ፤ ርዕሱ ትንሽ ሲቀየር አብሮ ይጠፋባችኋል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለዚህ ቋንቋ የምትሰጡት ሰዓት ከሌላው ትምህርት የተሰረቀ አይምሰላችሁ።

ደብተራችሁ ፊርማ ብቻ ይዞ ከተመለሰ ዝም አትበሉ። ሙሉውን ይረሙልኝ ብላችሁም አታስቸግሩ። የከበዳችሁን መስመር አስምሩበትና በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላችሁ «ቲቸር፣ ይችን አንዷን ብቻ ይዩልኝ» በሉ።