አንድ ጉርሻ ያጣላል

ብሯ 1,000 የን ብቻ ነበረች። ቶኪዮ ውስጥ ያኔ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 1,163 የን ስለነበር፣ የተኳረፍንባት ብር የአንድ ሰዓት ደሞዝ እንኳ አትሞላም። ግን እስካሁን ትከነክነኛለች።

የምሠራው ሚናሚ ሴንጁ፣ ድሮ ሳንያ ይባል በነበረው ሰፈር ነው። ስሙ በፈረንጆቹ 1966 ከአድራሻ ተሰርዟል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አሁንም ሳንያ ነው የሚሉት። የቀን ሠራተኛ ያድርባቸው የነበሩት ርካሽ ማደሪያዎች ዛሬ ሻንጣውን በጀርባው ያዘለ ቱሪስት ያድርባቸዋል። ክፍሉ ሦስት ታታሚ ነው፤ ሦስት የወለል ምንጣፍ ስፋት ማለት ነው። ፍራሹ ከተዘረጋ ሻንጣህን የምታቆመው እግርህን አጥፈህ ነው። የሰባት ቀኑ የቱሪስት የባቡር ፓስ በ2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ከዘለለ ወዲህ ደግሞ የእንግዳው ሁሉ ወሬ «ከየት ልቆጥብ» ሆኗል። እኔ እንኳ ተማሪ ነኝ፣ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድልኝም፣ ቁጠባውን ከነሱ በፊት ነው የጀመርኩት። ከሰፈሬ ከዮትሱጊ በሳይክል የአራካዋንና የሱሚዳን ወንዞች ተሻግሬ እመጣለሁ። ማታ ሱፐርማርኬቱ የግማሽ ዋጋ ወረቀቱን እስኪለጥፍ ሱሺው አጠገብ እንደ ድመት አደፍጣለሁ።

የቼሪ አበባ ሰሞን፣ መጋቢት ላይ፣ ጥንዶች ወጡና ክፍላቸውን ላጸዳ ገባሁ። ትራሱ ላይ 1,000 የን። ከሥሯ ብጣሽ ወረቀት፤ «ክፍሉን ለሚያጸዳው ሰው፣ እናመሰግናለን» ይላል። ጎኑ ላይ ልብ ሥለዋል።

እንደ ሞኝ ይዣት ሄጄ ለአለቃዬ አሳየሁት። ለምን እንዳሳየሁት አላውቅም። ደስ ብሎኝ መሰለኝ።

«ዋሱሬሞኖ» አለ። የተረሳ ዕቃ ማለቱ ነው።

«አልተረሳም፣ ይኸው ጽፈዋል። ጉርሻ ነው» አልኩት።

አንገቱን ጠመም አደረገ። በጥርሱ መሃል አየር ሳበ። ከዚያ «ቾቶ…» አለ።

ቾቶ ማለት ትንሽ ማለት ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ቃል እየጠበቅኩ ቆምኩ። ትንሽ ምን? ትንሽ ጠብቅ? ትንሽ አካፍለኝ? እሱ ወለሉን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። አንሶላ የታቀፍኩበት እጄ ዛለ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለኔ ግን እንደ ቅዳሴ ረዘመብኝ። በመጨረሻ መሳቢያውን ከፍቶ መዝገቡን አወጣና ይጽፍ ጀመር። ቀን። የክፍል ቁጥር። የተገኘበት ቦታ፣ ትራስ ላይ። ብዛት፣ አንድ። ጉርሻዬ ከነወረቀቷ ፖስታ ውስጥ ገብታ ታሸገች። ለእንግዶቹም ኢሜይል ጻፈላቸው። አልመለሱም። ሰው አጉርሶ ሲያበቃ «እጅህን ረስተሃል» ቢባል ምን ብሎ ይመልስ?

አብረውኝ የሚያጸዱት ሴትዮ ሰባን አልፈዋል። ኦባሳን ነው የምላቸው፤ በልቤ ግን እትዬ ናቸው። ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ቾቶ ካለህማ አይሆንም ማለቱ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው አልቋል።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ደግሞስ ለምን አሳየኸው?» አሉኝ። እርስዎ እስከ ዛሬ ስንቱን አገኙ፣ ስንቱንስ አሳዩ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቾቶ…» አሉኝ።

ይበልጥ የበገንኩት ግን ሚያዝያ ላይ ነው። ዝናቡ ያወርደዋል። በር ላይ እንግዶች ትተዋቸው የሄዱ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚያሳዩ የፕላስቲክ ጃንጥላዎች አሉ። አለቃዬ ወደ ማስቀመጫው ሄዶ አንዷን አነሳ፣ ከፈት አድርጎ አያት፣ አልወደዳትም፣ መለሳት፣ ደህናዋን መርጦ ይዞ ወጣ። መዝገብ የለ፣ ፖስታ የለ። እዚህ አገር ባቡር ላይ የረሳኸው ቦርሳ ከነገንዘቡ ሊመለስልህ ይችላል፤ ጃንጥላ ግን የማንም ነው። «አልተመዘገበችም እኮ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በምትኩ ዮትሱጊ ላለው ሐበሻ ሁሉ አወራሁ። አለቃዬ ጉርሻዬን በላት ብዬ። ታሪኩ በየቡናው እያደገ ሄዶ ብሯ አንድ ቀን 5,000 ሆና ጆሮዬ ደረሰች። እኔም አላረምኩም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጠራኝ። በሕጉ ፖሊስ የወደቀ ዕቃ ይዞ ባለቤቱን የሚጠብቀው ሦስት ወር ነው፤ እሱም ለካ ቀን ሲቆጥር ከርሟል። ፖስታዋን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ሳላስበው ከሱ ዝቅ ብዬ። ፈርም አለኝ። ፈረምኩ። ልብ የተሣለባት ወረቀት ሳትቀር አለች። የምገባበት ጠፋኝ። አሁን ዮትሱጊ ያለችውን 5,000 ማን ይመልሳት?

ስወጣ የዝናቡ ወቅት ነውና ይዘንባል። አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ጃንጥላ ይከፍታል። ያቺኑ የሚያዝያዋን። ወደ ማስቀመጫው በአገጩ እያሳየ «አንዷን አትወስድም?» አለኝ።

አየር በጥርሴ ሳብኩና «ቾቶ…» አልኩት።

ለነገሩ ሳይክል እየነዱ ጃንጥላ መያዝ እዚህ ክልክል ነው። ዮትሱጊ ስደርስ እንደ አይጥ በስብሼ ስለነበር ከጉርሻዋ 550 የኑ ለሴንቶ፣ ለሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ፣ ሄደ፣ በፍል ውሃ ለመሞቅ።