አባባን በ24 ገጽ፦ የስደተኛ አባትን ሙሉ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንዳዘጋጀሁ

አዳማ ውስጥ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ነው የሚጻፈው። ጽሕፈት የሚችል ዘመድ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጣል፣ ያለቀሰውንም ያላለቀሰውንም ይጠይቃል፣ ሲነጋ ለአንባቢው ይሰጣል። የአባባም እንደዚያ ተጻፈ፦ ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ምድር ባቡር ሠሩ፣ «ወደ ውጭ አገር ሄደው»፣ ተመለሱ፣ አረፉ። አሜሪካ የኖሩባቸው 27 ዓመታት በአራት ቃል አለፉ። ለሙት ዓመታቸው እነዚያን ቃላት ዘርዝሬ 24 ገጽ ጥራዝ አዘጋጀሁ። ስድስት ወር ወሰደብኝ፤ ከዚያ ውስጥ መጻፉ የፈጀው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት የቀን ጉዳይ ነው። ቀን ከተዛባ የሰዎቹም ወሬ እርስ በርሱ ይጋጫል። የእኛና የፈረንጆች አቆጣጠር ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከታኅሣሥ 23፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ቀኑ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ይንሸራተታል። አባባ አሜሪካ የገቡት በኖቬምበር 1982 ነው። የቀብሩ ጽሑፍ 8 ቀንሶ «በ1974» አለ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ትክክሉ 1975 ነበር። አንዷ ዓመት ብትሳሳት ምን አለ የሚል ይኖራል። በዚያች ዓመት፣ ከአሜሪካ በፊት በተሰደዱባት ጂቡቲ ውስጥ አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች የሚናገሩት ሁሉ ውሸት መስሎ ታየኝ፤ ስህተቱ ግን የእኛ ነበር።

የልደት ቀናቸው የባሰ ነው። በአሜሪካ ወረቀታቸው ሁሉ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1955 ይላል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ስደተኛ ዓመቱን ብቻ ሲናገር ጸሐፊው ቀኑንና ወሩን በ1 ይሞላዋል፤ የብዙ ወገኖቻችን ልደት በአንድ ቀን የሚውለው ለዚህ ነው። ወረቀቱን ትቼ አክስታችን ዘንድ ሄድኩ። «በኅዳር ሚካኤል ነው የተወለደው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ድክ ድክ ይል ነበር» አሉኝ። ወንጂ ማምረት የጀመረው በ1946 ነው። እንግዲህ አባባ የተወለዱት ኅዳር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኖቬምበር 1952) ነው፣ ከወረቀታቸው በሁለት ዓመት ይበልጣሉ። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምህረት?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስገኝም። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስገኛል፤ ያ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 እና ደርግ የወደቀበት ግንቦት 20 ቀን 1983ም እንደ ችካል ያገለግላሉ።

ስምም እንዲሁ ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበ እዚያ የተወለዱት ወንድሞቼ በአያታችን ስም ይጠራሉ፣ እኔ ደግሞ በአባባ ስም። የቀብሩን ጽሑፍ የሰማ ሰው የአንድ አባት ልጆች አንመስለውም። በጥራዙ ሁላችንንም በራሳችን ስምና በአባባ ስም ጻፍኩ፣ የወረቀቱን ስም በግርጌ አስቀመጥኩ። ሰነድ ሲፈለግም በአንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ አይገባም። የአባባ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። የትውልድ ከተማቸውም አንዱ ወረቀት ላይ ናዝሬት፣ ሌላው ላይ አዳማ ነው። የውጭ አገር ሰው ሁለት ከተማ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ አስረዳሁ።

የልጆችን ዝርዝር ከእናታችንም ከአክስታችንም ጋር ለየብቻ፣ ከበኩር እስከ መጨረሻ፣ በተወለዱበት ቅደም ተከተል ቆጠርኩ። በሕይወት ታሪክ ንባብ ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ የሚከብደው ልጅን መዝለል ነው። ከትዳር በፊት የተወለደ ይሁን፣ በሕፃንነቱ ያረፈ ይሁን፣ ልጅ አይዘለልም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

እናታችንን የቀዳሁት በሞባይል ነው፣ በሦስት ቀን፣ በየቀኑ 40 ደቂቃ። ከዚያ ካለፈ ይደክማቸዋል፣ መልሳቸውም ያጥራል። የመጀመሪያው ቀን ቅጂ ተበላሸ። የአዳማ ሙቀት ስለማይቻል ቬንትሌተሩ ተከፍቶ ነበር፤ ቅጂው ላይ ከእናታችን ድምፅ ይልቅ የእሱ ንፋስ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ወደ ባጃጁ መንገድ የሚያየውን መስኮት ዘግቼ፣ ስልኩን የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ሲኒ በተነካ ቁጥር ይንኳኳል። ስልኩ ከኔትወርክ መውጣት አለበት፤ ጥሪ ሲገባ ቅጂውን የሚያቋርጥ ስልክ አለ። «ታሪካቸውን ይንገሩኝ» ስላቸው «ደግ ሰው ነበሩ» ብለው ዝም አሉ። «የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን አደረጉበት? የበረዶ ጫማ ማን ገዛላቸው? ክፍል የተጋሩት ከማን ጋር ነበር?» ስላቸው ግን ጥያቄዬ ሳያልቅ ይናገሩ ነበር።

እናታችን የማያውቁት ጊዜ አለ፦ አባባ በ1971 በድሬዳዋ በኩል ከወጡበት እስከ 1975 ድረስ ያለው። በየስደተኛው ታሪክ ውስጥ ባዶ የሚቀረው ይኸው መካከሉ ነው፤ ባለቤቱም ማውራት ስለማይፈልግ ጭምር። ጂቡቲ ውስጥ ዲኪል በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ አብረዋቸው የነበሩ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። ሦስቱንም በቴሌግራም ለየብቻ ጠየቅኩ። አንድ ላይ ከተጠየቁ አንዱ የሚለውን ሌሎቹ ያጸድቁለታልና። ሁለቱ የተስማሙበትን ጻፍኩ፤ አንዱ ብቻ ያለውን «እንደ ጓደኛቸው አባባል» ብዬ አስቀመጥኩ። መንገድ ላይ የቀረ ሰው ስም ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አልጻፍኩም። በ1972 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ጸድቆ ካምፕ ውስጥ ያሉት በሠፈራ ወደ አሜሪካ መሄድ መጀመራቸውን ሁለት መስመር አከልኩ፤ አባባ ለምን ጂቡቲ ላይ ዓመታት እንደጠበቁ ለልጅ ልጆቻቸው እንዲገባቸው።

ለአሜሪካው ዘመን ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ የኢሚግሬሽን ማኅደራቸውን ከአገሩ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በኢንተርኔት ጠየቀ። የሞት ማስረጃ ማያያዝና በዜግነት ወረቀታቸው ላይ ያለውን፣ በኤ ፊደል የሚጀምረውን ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። መልሱ ወራት ስለሚፈጅ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ሀብት ግን እናታችን ሣጥን ውስጥ ነበር፦ አባባ በደብዳቤ ፋንታ ድምፃቸውን እየቀዱ የላኳቸው ካሴቶች። የቆየ ካሴት ወዲያው ቢጫወት ሊበጠስ ይችላል። መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር ነው፣ በስህተት እንዳይቀዳበት። ቀጥሎ ክሩን የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ በቦታው መሆኑን ማየት፤ ተገንጥሎ ከወደቀ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥኖ መመለስ። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከኮምፒውተር ጋር በ3.5 ሚሊሜትር ገመድ አገናኝቼ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ድምፁን በማይጨምቀው የዌቭ ፋይል ቀዳሁ፣ በ44,100 ኸርዝና በ16 ቢት። የ30 ደቂቃ የካሴት ገጽ ወደ 300 ሜጋባይት ይሆናል። ሳልና ዝምታን አልቆረጥኩም፤ ዝም የሚሉበት ቦታም የእሳቸው ነው።

ፎቶዎቹን በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ስካን አደረግኩ። የሚያጣብቅ አልበም ላይ የተያዙትን በጥፍር መሳብ ይቀድዳቸዋል፤ የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥር አስገብቶ ቀስ እያሉ እንደ መጋዝ ማንቀሳቀስ ያስለቅቃቸዋል። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውን ሳልነካው ከነመስታወቱ በጥላ ቦታ አነሳሁት። በጀርባ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ይተላለፋል። ከውጭ የሚላክ ፎቶም በቴሌግራም እንደ «ፎቶ» ከመጣ ይጨመቃል፣ እንደ «ፋይል» ይላክ። ለ30 በ40 ሳንቲሜትር ትልቅ ምስል ቢያንስ 2,400 በ3,200 ፒክሰል ያስፈልጋል፤ ከመታወቂያ ተቆርጦ የተለጠጠ ፊት የራሳቸው አይመስልም።

ስጽፍ «ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ከለከልኩ። በምትካቸው የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞቻቸውን በዓመት ደረደርኩ። ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና እያቆሙ የሠሩበት ዘመን፣ ታክሲ የነዱበት፣ እናታችን የሄዱበት፣ ወንድሞቼ የተወለዱበት ሁሉ ከደረሰኙ ይነበባል፤ ወጪያቸው በበዛበት ዓመት መጠኑ አነሰ እንጂ አልተቋረጠም። ታታሪነታቸውን ያ ይናገራል። ለንባብ የሚሆነውን ደግሞ በ450 ቃል ለይቼ አወጣሁ፤ ረጋ ተብሎ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ከዚያ በላይ ይከብደዋል።

ማተሚያ ቤት የወሰድኩት የመጀመሪያ ፋይል ፊደሉ ሁሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ በትክክል አይነበብም፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ፎንት፣ ተይቦ ፎንቱን የያዘ ፒዲኤፍ መስጠት ነው። መሐሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ጥራዝ የገጽ ብዛቱ ለ4 መካፈል አለበት። የእኔ 22 ነበር። በተረፉት ሁለት ገጾች አንዱ ላይ የእናታችንን ቃል አስገባሁ፣ የመጨረሻውን ባዶ ተውኩና «የሚታረም ካለ እዚህ ይጻፉልን» አልኩበት።

በሙት ዓመቱ ዕለት ከጥራዞቹ ጋር እርሳስ አብሬ አቀረብኩ። አንድ የምድር ባቡር ባልደረባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ገጽ 7ን ደጋግመው አዩ። አባባ ሐዲዱ ዳር የቆሙበት ፎቶ «አዳማ ጣቢያ» ይል ነበር። በዚያች ባዶ ገጽ ላይ «ይህ አዋሽ ነው፤ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ።