ለአፌ ጠባቂ ያኖረልኝ አምላክ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር በቻይና ሳለሁ ያደረገልኝን እስከ ዛሬ በአደባባይ ያልመሰከርሁት በዚያ የቀሩ ተማሪዎቼ በእኔ ምክንያት እንዳይጎዱ ሰግቼ ነው።

ዉሃን ከተማ የሄድሁት የተለያዩ አገሮችን ሕገ መንግሥታት እያነጻጸርሁ ላስተምር ነበር። ገና እንደ ደረስሁ አንድ ባልደረባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ካወረደው መመሪያ ወዲህ የፕሬስ ነፃነት፣ የፍርድ ቤት ነፃነትና ፓርቲው በታሪኩ የሠራቸው ስሕተቶች በክፍል ውስጥ እንደማይነሡ ነገረኝ። በየክፍሉም መምህሩ የሚለውን መዝግቦ ለአስተዳደሩ የሚያቀርብ ጆሮ ጠቢ ተማሪ እንደሚኖር አስጠነቀቀኝ። ሕገ መንግሥት እያስተማሩ ስለ ዳኛ ነፃነት ዝም ማለት እንዴት ያለ ጭንቅ እንደ ሆነ መምህር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። መዋሸት አልፈለግሁም፤ ነገ ወደ አገሬ የምመለስ እንግዳ ሆኜ ሳለሁ በሰው ልጆች ሕይወት ደፋር መባልም ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ዘወትር ጠዋት እንደ ዳዊት፣ ጌታ ለአፌ ጠባቂ እንዲያኖርልኝ ለምኜ ወደ ክፍል እገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2018 የቻይና ብሔራዊ የሕዝብ ኮንግረስ የፕሬዚዳንቱን የሁለት የሥራ ዘመን ገደብ በ2,958 ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተአቅቦ ሰረዘ። በማግስቱ ሰኞ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «መምህር፣ በእርስዎ አገርስ ገደብ አለ?» አለችኝ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረም፤ ጠመኔውን አንሥቼ በሰሌዳው ላይ «፸» ብዬ ጻፍሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 ርእሰ ብሔሩ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሲከለክል፣ ዋናው ሥልጣን በእጁ ላለው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ምንም ገደብ እንዳላስቀመጠ፣ ይህንንም እኔ እንደ ትልቅ ጉድለት እንደማየው አስረዳሁ። ስለ አገራቸው አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ ሁሉም ግን ገብቷቸዋል።

ሐሙስ ዕለት በማግስቱ ቢሮ እንድቀርብ ተነገረኝ። የተከሰስሁት የአገሪቱን መሪ በክፍል ውስጥ ዘልፈሃል ተብዬ ነው። በዚያ ሌሊት የውጭ አገር ሰዎች ብቻ በር ላይ ፓስፖርት እያሳየን በምንገባበት ኅብረት የማውቃቸው ሦስት ወንድሞች ቤቴ መጥተው እስኪነጋ አብረውኝ ጸለዩ። እኔ የለመንሁት ለራሴ መዳንን ሳይሆን፣ የጠየቀችው ልጅ ስም እንዳይነሣ ነበር።

በቢሮው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር ተዘርግቶ ነበር። ኃላፊው በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ አስተርጓሚውም፣ «መምህሩ ስለ ራሱ አገር ሕግ ተናገረ» ይላል አለ። ጥያቄው በደብተሩ ውስጥ አልነበረም፤ የጠያቂዋም ስም አልነበረም። በቻይንኛው ጽሑፍ መካከል ግን እግሯ እንኳ ሳትዛነፍ በጥንቃቄ የተቀዳች «፸» ነበረች። ኃላፊው ደብተሩን ዘጋና ወደ ሥራዬ እንድመለስ ነገረኝ።

ያን ደብተር የጻፈው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በጸሎቴ «ያ ልጅ» እያልሁ በየቀኑ አነሣዋለሁ።