አጠፋሁ

ሥራዬ የሰው ፔጅ መጠበቅ ነው። ታዋቂ ሰዎች ፎቶ ሲለጥፉ፣ አዲስ ሥራ ሲያስተዋውቁ፣ አድናቂ ሲያመሰግኑ የምታዩት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ እንደኔ ባለ ሰው ጣት ያለፈ ነው። አድሚን ይሉናል። ነገር ሰላም ሲሆን ቀላል ሥራ ነው። ነገር ሲበላሽ ግን ለአንድ ሰው የተወረወረ ስድብ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው አድሚኑ ዓይን ላይ ነው።

ይህ ገጠመኝ ለአንዲት ተዋናይ ስሠራ የደረሰ ነው። ስሟን አልጠራም። በዚያ ሰሞን ከሚገባው በላይ ተጠርቷል።

የጀመረው በ9 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ከአንድ ሰዓት ገደማ ቃለ መጠይቅ ላይ የተቆረጠ። ወጣት ሳለች ስለነበራት አስተሳሰብ ተጠይቃ እንዲህ ብላ ነበር፦ «እናትነት የሰነፍ ሥራ ነው እል ነበር። ሞኝ ነበርኩ።» ከዚያ ስለ ልጇ ማውራት ቀጠለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ቆራጩ «እል ነበር» ከማለቷ በፊት አቆመው። አማርኛ ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ጫፉን ብቻ ከቆረጥክበት ሰውየው የካደውን ነገር ያመነው ይመስላል። ይህን የቆረጠው ሰው ቋንቋውን በደንብ ያውቃል፤ እሱን አልክድም።

አርብ ማታ ነው ያየሁት። የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። በዚያ ላይ ብልጥ ልሁን አልኩና በፔጇ ላይ ጻፍኩ፦ «ሙሉውን ለማየት አንድ ሰዓት ያጣ ሰው ለመሳደብ ሙሉ ሌሊት ከየት አገኘ?» ለኔ ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪንሾቱ «ተመልካቾቿን ናቀች» በሚል ርዕስ ይዞር ጀመር። እሷ ግን መጻፉንም አታውቅም፤ ተኝታለች። ማናጀሯ በሌሊት ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉን ከፔጁ ላይ አነሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ፔጁን ስከፍት ቁጥሩን ማመን አቃተኝ። በአንድ ልጥፍ ሥር ብዙ ቢመጣ መቶ ኮሜንት ነበር የለመድኩት። አሁን በሺህ ነው። ከዓመታት በፊት በለጠፈችው የልደት ፎቶ ሥር ሳይቀር ወርደው ተሳድበዋል። ኢንቦክሱን አልነግራችሁም።

እኔም ማጥፋት ጀመርኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፦ እሷ ከመንቃቷ በፊት የቻልኩትን ላጽዳ። አንዱን ስሰርዝ ሦስት ይመጣል። የሚከለከሉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ስድቦቹን ማስገባት ጀመርኩ። እዚህ ላይ የሥራ ባልደረቦቼ ብቻ የሚስቁበትን ነገር ልንገራችሁ። «ሀፍረተ ቢስ» የሚለውን ውሰዱ። በሀ ይጻፋል፣ በሃ ይጻፋል፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃም ይጻፋል። ለኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ቢስ»ን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ከተጨመረ አሥራ ሁለት። «ሀፍረተ ቢሷ»፣ «የሀፍረተ ቢስ» እያለ ሲቀጥል ደግሞ መጨረሻ የለውም። በላቲን ፊደል የሚጽፉትን ሳንቆጥር። ፊደላችንን እንደዚያ ቀን ረግሜው አላውቅም።

እየሰረዝኩ አንድ ነገር አስተዋልኩ። «አሳፋሪ» የሚለውን ቃል «አሰፋሪ» ብለው የጻፉ 31 ኮሜንቶች አገኘሁ። ዓረፍተ ነገሩም ከነስህተቱ አንድ ነው። ከአካውንቶቹ ግማሽ ያህሉ በዚያው ሳምንት የተከፈቱ ናቸው። አንድ ቦታ ጽፎ ለሌሎች ያከፋፈለ ሰው አለ ማለት ነው። ደስ አለኝ ብል አትፍረዱብኝ። «የተቀጠሩ ናቸው» ማለት ያጽናናል። ችግሩ የቀሩት ሺዎች ናቸው። እነሱ አልተቀጠሩም። ፎቶአቸው ላይ ልጆቻቸውን አቅፈው የሚታዩ ሰዎች ናቸው።

አንዷን አውቃታለሁ። ቀድሞ አብረን የሠራን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ጨዋ ሴት። እሷ ምንም አልጻፈችም። ቪዲዮውን የሳቅ ምልክት አድርጋበት ሼር አደረገችው፤ በቃ። ደወልኩላት። «እንዴ፣ እኔ ምን አልኩ? ሳቅኩ እንጂ!» አለችኝ። ከልቧ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ ዘፋኝ ላይ እንደዚሁ ስቄ ሼር ያደረግሁት ነገር ትዝ አለኝና ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

እሁድ ቤቷ ሄድኩ። «አታንብቢ፣ እኔ እያጸዳሁ ነው» ልላት። ሁሉንም አንብባው ነበር። ከፔጇ አይደለም። ጓደኞቿ ናቸው የላኩላት። «አይዞሽ፣ ይህን አየሽው?» እያሉ፣ አንድ በአንድ። ስልኳን አሳየችኝ። እኔ በሌሊት የሰረዝኩት ሁሉ ተሰልፎ ተቀምጧል። «ስድቡን እችለዋለሁ፤ አይዞሽ የሚለው ነው ያደከመኝ» አለችኝ። ለእያንዳንዱ አይዞሽ መልስ መስጠት ነበረባት። ያልመለሰችለት ይቀየማል።

ስልክሽን ዝጊው የሚሏትም ነበሩ። ቅን ምክር ነው፤ ግን ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ነው የሚቀለው። ፕሮዲውሰር የሚያገኛት በዚያ ስልክ ነው። የማስታወቂያ ውል ስትፈርም ስንት ተከታይ አለሽ ተብላ ነው። ስልኩን ዝጊ ማለት ቢሮሽን ቆልፈሽ ውጪ ማለት ነው።

ሰኞ ሌሊት ላይ ያ ኮሜንት መጣ። ስድብ የለበትም። የልጇ ትምህርት ቤት ስም ተጽፎበታል፤ ከሥሩ «በስንት ሰዓት እንደሚወጡ የሚያውቅ አለ?» ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። በቅጽበት ሰረዝኩት። አካውንቱንም ብሎክ አደረግሁት። ማንም ሳያየው ደረስኩበት ብዬ እፎይ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ለምን አስጨንቃታለሁ?

ረቡዕ አንድ ሰው ትምህርት ቤቱ ስልክ ደውሎ አጎቱ ነኝ፣ ልጁን ልወስደው ነው፣ በስንት ሰዓት ልምጣ ብሎ ጠየቀ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ጎበዝ ነበረች። ምንም ሳትነግረው ዘግታ ለእናቱ ደወለች። በዚያው ቀን ማናጀሯ ጠበቃ ጠሩ።

ጠበቃዋ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ማስታወሻዋን አውጥታ ጠየቀች። ስለ ትምህርት ቤቱ የተጻፈ ነገር ነበር? ነበር አልኩ። ማን አየው? እኔ። ሊንኩ የታለ? የአካውንቱ ስም? ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት?

«አጠፋሁት» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለቱም ትርጉሙ ተሰማኝ። ተዋናይዋ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጠበቃዋ ያብራራችው ይህን ነው። ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት ከማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ መረጃ ሲጠይቅ «አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ነበር» ማለት አይበቃም። የትኛው ጽሑፍ፣ የትኛው አካውንት የሚለው ያስፈልጋል። የአካውንት ስም እንደ ልብስ ይቀያየራል፤ ስለዚህ ስሙ ብቻ ሳይሆን የፕሮፋይሉ ሊንክ መያዝ አለበት። ብሎክ የሚደረገው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው፤ ብሎክ ካደረግከው በኋላ ተመልሰህ ፕሮፋይሉን ማግኘት ሊያስቸግርህ ይችላል። እኔ ሁሉንም የሠራሁት ከኋላ ወደ ፊት ነበር።

ከዚያ ሃና ኪሙራን አነሳች። ጃፓናዊት የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ተወዳዳሪ ነበረች፤ በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ባሳየችው ቁጣ የተነሳ የስድብ ዘመቻ ተከፈተባት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በ22 ዓመቷ ሕይወቷን አጣች። መሞቷ ሲሰማ ብዙዎቹ ተሳዳቢዎች የጻፉትን እየሰረዙ አካውንታቸውን ዘጉ። በኋላ ሁለት ሰዎች ተቀጡ፤ እያንዳንዳቸው 9,000 የን። በጊዜው የነበረው የስድብ ሕግ የገንዘብ ቅጣት ከዚያ ብዙም አያልፍም ነበር። እናቷ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ተሻሽሎ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 300,000 የን ደረሰ።

እኔ ስለ ሕጉ ብዙም አላሰብኩም። የያዘኝ «እየሰረዙ» የሚለው ነው። እነዚያ ሰዎች ፈርተው የሠሩትን ሥራ እኔ ለኛዎቹ በነጻ ሠርቼላቸዋለሁ። ያውም እንቅልፌን አጥቼ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራራችን ተቀየረ። ማስፈራሪያ ሲመጣ መጀመሪያ ሙሉ ስክሪኑ ይቀረጻል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የአካውንቱ ስምና አድራሻ እየታዩ። ሊንኩ ይገለበጣል። ሁሉም አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ለማኅበራዊ ሚዲያው ኩባንያ ሪፖርት ይደረጋል። ኮሜንቱ ከመሰረዝ ይልቅ ይደበቃል፤ ፌስቡክ ላይ የተደበቀውን የጻፈው ሰውና ጓደኞቹ ስለሚያዩት ተነቃብኝ ብሎ ሌላ አካውንት አይከፍትም። ኢንስታግራም ላይም የማይከተሉሽንና በቅርቡ መከተል የጀመሩትን ሰዎች ኮሜንትና መልእክት ለጊዜው የሚደብቅ ማብሪያ አለ። የመጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ነው፤ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት የሳቱት የእንግሊዝ ተጫዋቾች ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ የዘረኝነት ስድብ በዘነበባቸው በወሩ። እኔ ይህ ማብሪያ መኖሩን አላውቅም ነበር። አርብ ማታ አውቄው ቢሆን ያን ብልጥ መልስ ከመጻፍ እሱን እጫነው ነበር።

ማንበቡንም ተከፋፈልነው። ሁለት ሰዎች ሆነን በፈረቃ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ማንም አያነብም። ይህን ያመጣው ጀግንነት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። በኖቲፊኬሽን ድምፅ መደንገጥ ጀምሬ ነበር። የተሰደብኩት እኔ አይደለሁም። ግን «አንቺ» እያለ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ስታነብ አእምሮህ መለየት ይተዋል።

ዘመቻው በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ሰዉ ወደ ሌላ ሰው ሄደ፤ በቃ። ሙሉውን ቃለ መጠይቅ ለጥፈነው ነበር፤ ከ9 ሰከንዱ ጋር ሲነጻጸር ያየው ሰው ኢምንት ነው። የደወለው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ልጁ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ሊፈረም የነበረ አንድ የማስታወቂያ ውል «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ፤ እንደቆየ ነው።

ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባካሄዱት መጠይቅ ከመለሱት ሴት ጋዜጠኞች 73 በመቶዎቹ በኢንተርኔት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረው ነበር። 20 በመቶዎቹ ከስክሪን የወጣ፣ ከዚያው ጋር የተያያዘ ጥቃት ገጥሟቸዋል። 30 በመቶዎቹ ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ራሳቸውን ሳንሱር ማድረግ ጀመርን አሉ። የመጨረሻው ቁጥር ድሮ ቢሆን ቀላሉ ይመስለኝ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ለሌላ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ አብሬያት ተቀመጥኩ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ያቺ ቀልደኛ፣ ወሬ ጀምራ ሦስት ቦታ ዞራ የምትመለስ ሴት በአጭር በአጭሩ ታወራለች። ስለ ወጣትነቷ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበች። «ሞኝ ነበርኩ» አለችና ቆመች።

«ምን ትያለሽ ነበር?» አልኳት።

«እሱን ልተወው» አለችኝ። ስልኬን ቀና ብላ አየችው፤ እየቀረጽኩ ነበር። «ይህችስ ብትቆረጥ ምን ትመስላለች?»

መልሼ አጫወትኩትና አብረን ሰማነው።