የነጠላው ጫፍ

ጅማ፣ ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ጀበናው ከከሰል ምድጃው ላይ ተንሸራቶ የፈላው ቡና የእናቴን ግራ እግር ከጣቶቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ከላጠው ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ቃጠሎው ወደ ውስጥ ያልዘለቀ በመሆኑ በየሁለት ቀኑ እየታጠበ ቢታሸግ ይድናል ተብሎ፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ የጤና ተቋም ትታከማለች። እስካሁን የምታመላልሳት ታናሽ እህቴ ነበረች። እኔ ከተረኝነት ስመለስ «እማዬ፣ ቁስሉ ታጠበ?» እላታለሁ፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ትለኛለች፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ዛሬ ግን የእረፍት ቀኔ ስለነበረ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ቁስሉ የተሸፈነበት ጎዝ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ቁስል የምታጥበው ባለሙያ ወጣት ናት፤ ደጅ የሚጠብቃት ሰው ብዙ ነው፤ እጇም ፈጣን ነው። «እማማ ጎበዝ፣ አንዴ ነው፣ ቻል ያድርጉት» አለችና ጎዙን ሳበችው። እናቴ ድምፅ አላሰማችም። የነጠላዋን ጫፍ አጥፋ በጥርሷ እንደያዘች፣ ዓይኗን ከጣሪያው ላይ እንደተከለች ቆየች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ የአልጋውን ብረት የጨበጠው እጇ የደም ሥሩ ተገትሮ ነበር። ሁሉም ሲያልቅ ነጠላውን ከአፏ አውጥታ «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» ብላ ልጅቷን መረቀቻት። ቤት ደርሰን ነጠላውን ሳጥፈው ጥለቱ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን እዚህም እዚያም ተነክሶ ክሩ ተበትኗል። የዛሬ ብቻ አልነበረም።

በባጃጅ ስንመለስ፣ የአዌቱን ድልድይ ካለፍን በኋላ፣ «ይህን ያህል እያመመሽ ለምን አልነገርሻቸውም? ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ሥራቸውን እየሠሩ ምን ብዬ ላስቸግራቸው? ቁስል ሲታጠብ ያማል እኮ፤ ያለ ነው» አለችኝ። ጥቂት ቆይታም «አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ አድረሽ ስትገቢ በእኔ እግር ላድክምሽ?» ብላ ጨመረች።

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሰው ሳይደነዝዝ ምላጭ አያርፍበትም፤ ይህን ለማሰብ እንኳ የሚደፍር የለም። ከዚያ በር ውጭ ግን ሕመም የሚለካበት መስፈሪያ ሌላ ይሆናል። እባጭ ሲከፈት፣ የተሰበረ እጅ ተጎትቶ ሲገጠም፣ የቀረ የእንግዴ ልጅ በእጅ ሲወጣ፣ ማሕፀን ሲጠረግ፣ የደረት ቱቦ ሲገባ፣ ቃጠሎ ሲታጠብ «ትንሽ ነገር ነው» እንላለን። ትንሽ የምንለው የሚፈጀውን ጊዜ ነው፤ ጊዜውን የሚቆጥረው ደግሞ ቆሞ የሚሠራው ነው፤ የተኛውን ማን ጠይቆት! የእናቴ ዓይነቱ ቃጠሎ እንዲያውም ከጥልቁ ይልቅ ያማል። ጥልቅ ቃጠሎ የነርቭ ጫፎችን አብሮ ስለሚያጠፋቸው ቦታው ሊደነዝዝ ይችላል፤ ላይ ላዩን የሆነው ግን ነርቮቹን በሕይወት እንዳሉ ገልጦ ይተዋቸዋል። «ቀላል ቃጠሎ ነው» የሚለው ቃል ስለ ቁስሉ መዳን እውነት ቢሆንም ስለ ሕመሙ የሚናገረው ነገር የለም።

ማደንዘዣ ተሰጥቶም ሕመሙ የማይጠፋበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1943 ስዊድን ውስጥ የተሠራው ሊዶካይን እስከ ዛሬ ለአንድ ቦታ ማደንዘዣ በየዕለቱ የምንይዘው መድኃኒት ነው። ነገር ግን መግል የቋጠረ ሥጋ አሲድነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ነርቩ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል፤ መርፌውን እባጩ መሐል ሰክቶ ወዲያው መቅደድ ታማሚውን በአንድ ቁስል ሁለት ጊዜ ማቁሰል ነው። ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ቆዳ ማደንዘዝ፣ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ መግፋት፣ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። «ካልያዘው ጨምርበት» ማለትም ሁልጊዜ አያስኬድም፤ አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶካይን በኪሎ 3 ሚሊግራም ቢታሰብ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚፈቀደው 150 ሚሊግራም፣ ከባለ 2 ከመቶው ደግሞ 7.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ እጅግ ሲበዛ አንጎልንና ልብን ይጎዳል። ብዙ ጊዜ የጎደለው መድኃኒቱ ሳይሆን ያቺ የመጠበቂያ ደቂቃ ናት፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ የራሴን መጻፍ አለብኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ከገጠር በሌሊት መጣች፤ የጽንሱ የልብ ምት ስለወረደ በአስቸኳይ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ተወሰነ። ስፓይናል ሰጠኋት፤ በወገብ በኩል በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። መድኃኒቱ ቡፒቫኬይን በዚህ መንገድ ሲሰጥ የሕመምና የቅዝቃዜ ስሜት ይጠፋል፤ የመነካትና የመገፋት ስሜት ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ እናቶችን አስቀድመን «ሲነካኩሽ ይታወቅሻል፣ ሕመም ግን አይኖረውም» እንላቸዋለን። ይህ እውነት ነው፤ እውነቱ ግን ለእኛ መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል ያኔ አላወቅሁም። በአልኮል የራሰ ጥጥ ሆዷን እያስነካሁ ቅዝቃዜው የት ድረስ እንደጠፋ ጠየቅኋት፤ ከእምብርቷ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆሟል። እስከ ጡቷ አካባቢ መድረስ እንደሚገባው እያወቅሁ፣ የሕፃኑ ልብ ስላስጨነቀን፣ «እየወጣ ነው፣ ይደርሳል» ብዬ ጀምሩ አልኩ።

ሕፃኑ ወጥቶ አለቀሰ። ማሕፀኗ ሲሰፋ እናቲቱ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «ና ዹኩባ» አለችኝ፤ ያመኛል ማለቷ ነው። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። «መነካካቱ ነው፣ ኦብሲ» አልኳት፤ ቻይው ማለቴ ነው። ደግማ ነገረችኝ፤ እኔም ያንኑ ደገምኩላት። ሦስተኛ አልተናገረችም። ዝምታዋን መድኃኒቱ ደረሰ ብዬ ተረጎምኩትና መዝገቡ ላይ «ተረጋግታለች» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ዋርድ ውስጥ ልጇን ታቅፋ ሳገኛት የታችኛው ከንፈሯ በጥርስ ተበልቶ አብጦ ነበር። እሷም መረቀችኝ።

ማድረግ የነበረብኝ ነገር ከባድ አልነበረም። ሐኪሙን «ይቆዩ» ማለት፣ በደም ሥሯ ሕመም የሚያደነዝዝ ጥቂት ኬታሚን መስጠት፣ እሱ ካልበቃ ወደ ሙሉ ሰመመን መለወጥ። ኬታሚን ትንፋሽን ብዙም የማያዳክም በመሆኑ እንዲህ ላለው ሰዓት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ በሲሪንጅ ተቀድቶ ከእጄ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው እሷን ማመን ብቻ ነበር።

ስፓይናልን እ.ኤ.አ. በ1898 ለቀዶ ጥገና የተጠቀመበት ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር መድኃኒቱን ከረዳቱ ጋር ሆኖ በራሳቸው ገላ ላይ ሞክሮታል። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ኮኬይን ነበር። የረዳቱ እግር ከደነዘዘ በኋላ ቅልጥሙ በመዶሻ ተመታ፤ አልተሰማውም። ከዚያ በኋላ ግን ቢር ለቀናት ራሱን ታመመ፤ ቀና ሲል የሚብስበት፣ ሲተኛ የሚተወው ሕመም ነበር። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አሰፈረው፤ እኛም ከስፓይናል በኋላ የሚመጣውን ራስ ምታት ከዚያ ጀምሮ አውቀነዋል። ቢር ያመመውን ሲናገር ቃሉ ዕውቀት ሆኖ ተመዘገበ። ያንኑ ሕመም አንዲት አራስ በሦስተኛው ቀን ስትናገር ግን «ደክሟት ነው፣ እንቅልፍ አጥታ ነው» ስንል ሰምቻለሁ፤ እኔም ብያለሁ።

የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል ካከላቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል ይላል። ሌላው ደግሞ መናገር ከሕመም መግለጫዎች አንዱ ብቻ እንደሆነ፣ መናገር ያልቻለም ሰው ሊታመም እንደሚችል ያስረዳል። ሁለተኛውን ሳነብ ልቤ ወደ እናቴ ይሄዳል። እሷ መናገር ትችላለች፤ ግን ሕመምን ውጦ ዝም ማለት ጨዋነት ሆኖ ያደገች ናት። ምጥ ላይ የጮኸች ሴት በጎረቤት ስትታማ ሰምታለች። እንዲህ ያለውን ሰው «ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ «ደህና ነኝ» የሚል መልስ መለመን ነው። ስለዚህ እኔ አሁን በሥራ ላይ የምጠይቀው በጣት ነው፦ ከአሥሩ ጣት የስንት ጣት ያህል ያማል? ከዚያም ስፓይናል ላይ ላለች እናት «እንደመነካት ነው ወይስ እንደመቆረጥ?» እላታለሁ፤ እንደመቆረጥ ካለች ሥራው ይቆማል።

ማታ እናቴን በጣት ጠየቅኋት። መጀመሪያ ስምንት ጣት አነሳች፤ ፊቴን አየችና ሁለቱን አጠፈች።

ቁስሏን ለሚከታተለው ሐኪም ደወልኩለትና ተነጋገርን። ከመታጠቧ 1 ሰዓት በፊት 1 ግራም ፓራሲታሞልና 50 ሚሊግራም ትራማዶል እንድትወስድ አዘዘላት፤ 68 ዓመቷ ስለሆነ ትራማዶሉ ሊያዞራት ይችላልና አብሬያት እሆናለሁ። ጎዙ ከመነሳቱ በፊት በሳላይን (በጨው ውኃ) ርሶ ራሱ እስኪላቀቅ ይጠበቃል፤ ከሥሩም ቫዝሊን ያለው ጎዝ ይደረጋል። ቁስል ለምታጥበው ልጅም ዛሬውኑ ከመውጣታችን በፊት ስለ ማራሱ በቀስታ ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችም፤ ደነገጠች እንጂ። «እማማ እኮ አንድ ቀን እንኳን ምንም አላሉም» አለችኝ። ምን ልመልስላት እችል ነበር? እኔም የዚያችን እናት ዝምታ «ተረጋግታለች» ብዬ የጻፍኩ ነኝ።

እናቴ ተኝታለች፤ እግሯን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌላታለሁ። ነጠላዋን አጥቤ አሰጥቼዋለሁ። የከነገ ወዲያው ቀጠሮ ጠዋት 3 ሰዓት ነውና ኪኒኖቹን ከውኃ ብርጭቆ ጋር ራስጌዋ አስቀምጬ የስልኬን ደወል 2 ሰዓት ላይ ሞልቼዋለሁ።