ትወናሽ አያልቅም

እሑድ ማታ። የካ አባዶ ጉም ወርዶበታል። ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ታናሽ እህቴ ደውላ ነበር። ትንሽ ባለቅስባት "አቦ ትወናሽ አያልቅም!" ብላ ዘጋችው። ኩርፊያዬን ይዤ ውሃ ልቅዳ ተነሳሁ። ከሳምንት በኋላ መምጣቱ ነው። ባልዲውን ከቧንቧው ሥር ደቅኜ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሯ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ትወና መቼ ነው ስድብ የሆነው? በግእዝ ተዋነየ ማለት ተጫወተ ማለት ነው። ተውኔት ጨዋታ፣ ተዋናይ ተጫዋች። እንዴት ያለ ደስ የሚል ስም ነው! የዜና ሰዎች ደግሞ ወስደው ለፖለቲከኛ ሰጡት። "የግጭቱ ቁልፍ ተዋናዮች" ይላሉ። ሰው እየሞተ የምን ጨዋታ? ("ተዋንያኖች" የሚሉትን እንተዋቸው። ተዋንያን ራሱ ብዙ ነው፤ ሰው ስንቴ ይበዛል?)

ለነገሩ ሙያው በስሙ ታድሎ አያውቅም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቲያትር ሲጽፉ "የአውሬዎች ኮሜዲያ" ነው ያሉት። ኮሜዲያ! ቃሉን ከፈረንጅ ተበድረው። ሀገር ፍቅር በ1927 ከተቋቋመ በኋላም መጀመሪያ አካባቢ ሴት ሆነው የሚሠሩት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ከወጣችማ "አዝማሪ ሆነች" ተብሎ ቤተሰብ አንገቱን ይደፋል። አዝማሪም እኮ ከዘመረ የመጣ ነው፤ የመዝሙር የሥጋ ዘመድ። እኛ ስንሳደብ ዘር አንቆጥርም።

ግሪኮቹም አልተሻሉም። ወንጌል ላይ ጌታ ፈሪሳውያንን "እናንተ ግብዞች" የሚልበት ቦታ አለ አይደል? ግብዝ በግሪክኛው ሂፖክሪቴስ ነው። ሂፖክሪቴስ ደግሞ የመድረክ ተዋናይ መጠሪያ ነበር። ይሄን ያወቅኩ ቀን ደንግጫለሁ። እንጀራውን በትወና የሚበላው ሰውዬ ምን አደረገ? እሱ ቢያንስ ትኬት ሸጦ፣ መጋረጃ ከፍቶ ነው የሚዋሸው።

ለዚህ ይሆናል ዛሬ ሁሉም "አርቲስት" መባል የሚወደው። አንድ የሳሙና ማስታወቂያ የሠራም አርቲስት እገሌ ነው። ተዋናይ የሚለውን ጥለውት ሄዱ፣ ለፖለቲከኛና ለእኔ ቀረ።

በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት እትዬ ናቸው።

"ልጄ፣ ውሃሽ ደረጃውን ይዞ እየወረደ ነው!"

ባልዲው! ዓይኔን እያሻሸሁ "ውይ በሞትኩት! እንቅልፍ ወስዶኝ እኮ ነው!" አልኳቸው። ድምፄን ሳይቀር ጎርነን አደረግኩት። አሳዘንኳቸው። "አይዞሽ የኔ እናት፣ ደክሞሽ ነው" ብለው መወልወያቸውን ይዘው ተመለሱ። አብረን ወለወልን።

ታናሿ ይሄን እንዳትሰማ።